ለአየር የለፋ ወረዳን እንዴት እናመስግን? ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ጳጉሜ 2

ኅዳር 12 ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ የወጣ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። በየአጥሩ ሥር ቅጠል፣ ካርቶን፣ ፌስታል፣ ያረጀ ጫማ ሳይቀር ተከምሮ ይጨሳል። አስም ያለበት ልጅ ያላት ጎረቤት አለችኝ። በዚያ ቀን መስኮቱን ዘግታ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ወትፋ ነው የምትውለው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ነው። ያኔ ሰው ቆሻሻ ያቃጠለው በሽታውን በጭስ አባርራለሁ ብሎ ነው። በዚያ ዘመን የሚነደው ሳርና ቅጠል፣ ቢበዛ ቡትቶ ነበር። አሁን የሚነደው ፕላስቲክ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ቀን በአንድ ወረዳ ሳልፍ ጭስ አጣሁ። ገረመኝና ሰው ጠየቅሁ። የጽዳት ማህበራቱ ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ዙር ቆሻሻ አንስተዋል። የብሎክ ተጠሪዎቹ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ «ዘንድሮ አናቃጥል፣ አውጡትና መኪና ይወስደዋል» ሲሉ ሰንብተዋል። መኪናውም በተባለው ሰዓት መጣ። ይህን ሁሉ ሠርተው አንድም ሰው «እግዜር ይስጥልን» አላላቸውም። በዓመቱ የወረዳው አመራር ተቀየረ። በሚቀጥለው ኅዳር ጭሱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአየር የሚለፉ ወረዳዎችን የምናመሰግንበትን መንገድ ስንሞክር ቆይተናል። ተሳስተናል፣ አርመናል። እዚህ የምጽፈው የተማርነውን ነው። እድር ብትሆኑ፣ የትምህርት ቤት ክበብ ብትሆኑ፣ የወጣት ማህበር ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ቡድን ብትሆኑ ይሠራላችኋል። ሀዋሳ ወይም አዳማ ላላችሁም ያው ነው፣ ከተማችሁ ወረዳ ከሌለው ወረዳ ያልኩትን በቀበሌ ተኩት።

1. በወረዳው እጅ ያለውን ለዩ

ከሁሉ በፊት ይሄን። የአዲስ አበባን አየር የሚያበላሸው ብዙ ነገር ነው፦ ያረጀ መኪና፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የቆሻሻ ቃጠሎ፣ የግንባታና የአፈር መንገድ አቧራ፣ ፋብሪካ። ወረዳ ሁሉንም አይነካም። የነዳጅ ጥራት በወረዳ አይወሰንም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. የከለከለው የፌዴራል መንግሥት ነው። የሚኒባሱንም ጭስ የሚመረምረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ዋና መንገድ ዳር ያለ ወረዳ ታክሲ በዛበት ተብሎ ነጥብ ቢቀነስበት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በወረዳ እጅ ያለው ምንድን ነው? ቆሻሻ በቀኑ እንዲነሳ ማድረግ። ቃጠሎን ማስቆም። ደንብ አስከባሪዎቹ አሸዋና ጠጠር ሸራ ሳይለብስ የጫነን መኪና እንዲያስቆሙ፣ ግንባታ ላይ ያለ ሰው አፈሩን ውሃ እንዲያርከፈክፍበት ማድረግ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን እንዲነጠፍ ማስተባበር። በማገዶ የሚያበስል የትምህርት ቤት ምገባ ኩሽና ካለ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ተሻለ ምድጃ እንዲዞር መወትወት። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሰፈራቸው ሲካሄድ ልጆች በእውነት የሚጫወቱበት ቀን እንዲሆን ማድረግም አለ።

ይህን ዝርዝር ራሳችሁ አታውጡት። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂዱና የጽዳቱን፣ የአካባቢ ጥበቃውንና የደንብ ማስከበሩን ባለሙያዎች «እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ምንስ አይመለከታችሁም?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉ። በኋላ መስፈርቱ ላይ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ የሚያደርገው ይህች ማስታወሻ ናት።

2. ጥረትን ነው ወይስ አየሩን የምትሸልሙት?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «አየሩ ከሁሉ ንጹህ የሆነው ወረዳ ይሸለም» ማለት ቀላል ይመስላል። እንጦጦ ሥር ዛፍ መሐል ያለ ወረዳ ምንም ሳይሠራ ያሸንፋል። መርካቶ ዙሪያ ያለው ደግሞ ሌት ተቀን ቢለፋም አያሸንፍም። አየር አጥር የለውም፤ የጎረቤት ወረዳ ጭስ ወደ እናንተ ይነፍሳል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ከ100 ነጥብ 70ውን ለሥራው፣ 20ውን ከራሱ ከአምናው ጋር ተወዳድሮ ላሳየው ለውጥ፣ 10ሩን ነዋሪው ለሚናገረው ስጡ።

ሕንድ ይህን በአገር ደረጃ ታደርገዋለች። 130 ያህል ከተሞች በየዓመቱ ለአየር ጥራት በሠሩት ሥራ ይመዘናሉ። የሚወዳደሩት በሕዝብ ብዛት በሦስት ተከፍለው ነው፦ ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ ከ300,000 እስከ 1 ሚሊዮን፣ ከ300,000 በታች። በትልልቆቹ ምድብ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንዶር፣ በ2024 ሱራት፣ በ2025 እንደገና ኢንዶር አንደኛ ወጥተዋል። ነጥብ የሚሰጠው ለቆሻሻ ቃጠሎ፣ ለመንገድ አቧራ፣ ለግንባታ አቧራ፣ ለመኪና ጭስ፣ ለፋብሪካ ጭስና ለመሳሰሉት ነው። በዚያ ላይ አቧራው ምን ያህል ቀነሰ የሚለው ይታያል።

ከእነሱ ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛው በምድብ መክፈል ነው። እኛም ገበያ ያለባቸውን፣ ግንባታ የበዛባቸውንና መኖሪያ ብቻ የሆኑትን ለይተን ነው የምናወዳድረው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የሕንዶቹ የአየር ፕሮግራም ውጤት የሚለካው ፒኤም 10 በሚባለው ሻካራ አቧራ ነው፤ ገንዘቡም አብዛኛው ለመንገድ አቧራ ዋለ። ሳንባ ድረስ ዘልቆ ደም ውስጥ የሚገባው ግን ፒኤም 2.5 ነው፣ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሰው ብናኝ። እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከሚቃጠል ነገር ነው የሚመጣው። የምትቆጥሩት ነገር ሰው የሚሠራውን ነገር ይወስናል። ቃጠሎን ካልቆጠራችሁ መንገድ ሲታጠብ ታያላችሁ፣ ከጓሮ ጭስ እየወጣ።

3. ኮሚቴው

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል። አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ የአየር መለኪያ መሣሪያ አጠቃቀም የሚያውቅ ሰው፣ አንድ የእድር ዳኛ ወይም የሰፈር ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት ይኑሩበት። ቢቻል ደግሞ አንድ በጽዳት ሥራ ላይ የነበረ ወይም ያለች ሰው ጨምሩ። የጽዳት እናቶች የትኛው ጓሮ እንደሚጨስ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጨስ ያውቃሉ።

አንድ ሕግ ከመጀመሪያው ጻፉ። ማንም አባል በሚኖርበት ወረዳ ላይ ነጥብ አይሰጥም። ዘመድ ወይም የሥራ ጉዳይ ካለውም ይናገርና ይውጣ። ሌላ ሕግ፣ ከምትመዝኑት ወረዳ ምሳ እንኳ አትብሉ። «ቡና ጠጡ» ማለታቸው ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። አመስግናችሁ «ከሽልማቱ በኋላ እንጠጣለን» በሉ።

የእናንተ ቡድን በሕግ የተመዘገበ ካልሆነ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተጣመሩ። መዝገብ ቤት ስትገቡ ማህተም ያለው ደብዳቤ ካልያዛችሁ ብዙ ትመላለሳላችሁ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከወጣ ወዲህ መመዝገብ ቀሏል። የምትቆዩበት ሥራ ከሆነ ራሳችሁም ተመዝገቡ።

4. ቀኑን ከወረዳው በጀት ጋር አስማሙ

ይህቺን ነገር የነገረን አንድ የወረዳ ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ጊዜ በመስከረም ሄደን «ዘንድሮ እንመዝናችኋለን» ስንል በትዕግስት አዳመጠንና «እቅዳችን ሐምሌ ላይ አልቋል፣ በጀቱም ተደልድሏል፣ አሁን ከየት አምጥቼ?» አለን። ልክ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ይግባ። መስፈርቱም አብሮ ይግባ። ወረዳው በእቅዱ ያካትተዋል። ምዘናው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሁን፣ እንደ በጀት ዓመቱ። ሐምሌ ላይ ነጥብ ደምሩ፣ ነሐሴ ላይ ቅሬታ ስሙ፣ ሽልማቱን ጳጉሜ 2 ስጡ። ጳጉሜ 2 ሴፕቴምበር 7 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2019 ወስኖ ከ2020 ጀምሮ የንጹህ አየር ቀን ሆኖ በዓለም የሚታሰብ ቀን ነው። ለእኛ ደግሞ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያለፈውን የሚያይበት ሰሞን ነው፣ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኛ የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ ለአየር ጥራት ሥራ እውቅና መስጠትን ይመለከታል። ቡድናችን ወረዳዎች የአየር ብክለትን ለመቀነስ የሚያደርጉትን ጥረት መዝኖ እውቅና ይሰጣል። የምዘናው መስፈርት በ2 ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ምዘናው ወረዳው ሳይነገረው የሚደረጉ ጉብኝቶችን ይጨምራል። መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው። ወረዳው ፈቃደኛ ከሆነ ተጠሪ ባለሙያ እንዲመደብልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ደብዳቤውን ለሰው በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ያዙ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰም ይባላል።

5. መስፈርቱን በሚታይ ነገር ጻፉ

«ግንዛቤ ፈጥሯል» የሚል መስፈርት አታስገቡ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ሁሉም ወረዳ ደግሞ ሙሉ ነጥብ ይጠይቅበታል። በዓይን የሚታይ፣ በጣት የሚቆጠር ነገር ጻፉ። እኛ ከ70ው ነጥብ 30ውን የሰጠነው ለቃጠሎ ነው። በጉብኝት ቀን የተገኘ የሚጨስ ወይም ትኩስ አመድ ያለው ቦታ ሁሉ ይቆጠራል፤ ዜሮ ከሆነ 30፣ በየአንዱ 3 ይቀነሳል። ሌላ 20 ለቆሻሻ አነሳስ ነው፤ ማህበራቱ በፕሮግራማቸው ቀን መጡ ወይስ ቀሩ። ቆሻሻው ካልተነሳለት ሰው ያቃጥላል፣ ሁለቱ አይለያዩም። 12 ለአቧራ፣ ማለትም ለግንባታ፣ ለአሸዋ መኪና፣ ለአፈር መንገድ። የቀረው 8 ወረዳው በራሱ ግቢና በሥሩ ባሉ ተቋማት ለሚያደርገው ነው። ጓሮው፣ የሠራተኞች ሻይ ቤቱ፣ ኩሽናው።

በዓልን በተመለከተ የእኛን ውሳኔ ልንገራችሁ፣ ብዙ ስለተነጋገርንበት። ደመራና ችቦ አንቆጥርም። እምነት ነው፣ ባህል ነው፣ እንጨት ነው፣ በዓመት አንድ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት ጎማ ሲቃጠል ግን እንቆጥራለን። ጎማ ደመራ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነው ያሉን። ኅዳር 12ን ደግሞ በደንብ እንቆጥራለን፣ ምክንያቱም የሚነደው ቆሻሻ ነው።

6. በእግር ሂዱ

የዚህ ጽሑፍ ልብ ይህ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

በመጀመሪያው ዓመት በሪፖርት ነው የመዘንነው። አንድ ወረዳ ፎቶ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሥልጠና ስም ዝርዝር የያዘ ወፍራም ፋይል ላከልን። ደስ አለንና ምስክር ወረቀት ሰጠን። በዚያው ሳምንት አንድ አባላችን ለሌላ ጉዳይ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ከሕንጻው ጀርባ ግማሽ በርሜል አየ። ውስጡ ገና የሚሞቅ አመድ ነበር፤ የቀለጠ የውሃ ላስቲክ ከበርሜሉ ከንፈር ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ያልነደዱ ወረቀቶችም ነበሩ። የቢሮውን ቆሻሻ እዚያው ነው የሚያቃጥሉት። ፋይሉ ውሸት አልነበረም፣ ሥልጠናው በእርግጥ ተሰጥቷል። እኛ ግን ጓሮውን አላየንም።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ለእያንዳንዱ ወረዳ በዓመት ስድስት ጉብኝት አለ። አንዱ ኅዳር 12 ነው። አንዱ በጥር ወይም በየካቲት፣ አቧራው በሚያይልበት ሰሞን። አንዱ በክረምት፣ ቆሻሻው ረጥቦ መኪና በሚቀርበት ጊዜ። አንዱ ከበዓል ማግስት፣ የበግ ቆዳና የቄጤማ ክምር ባለበት። ሁለቱ ተራ ቀን ናቸው፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ማንም ምንም በማይጠብቅበት። ቀኑን የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በዕጣ፣ ለሌሎቹ የሚነግራቸውም ለዚያው ቀን ዋዜማ ማታ ነው።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሰው የሚያቃጥለው ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ከመሸ ነው። በ4 ሰዓት ብትሄዱ አመዱ ተጠርጎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በማለዳ ውጡ።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ዋናውን መንገድ ተዉት። የወንዝ ዳር፣ የገበያ ጀርባ፣ የትምህርት ቤት አጥር ጥግ፣ የጋራዥ ሰፈር፣ የኮንዶሚኒየም የቆሻሻ ቤት፣ እንጨት ቤቶች፣ እነዚህን እዩ። አመድ ስታገኙ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ፈትሹ፣ ነገር ግን አትንኩት። ምን እንደነደደ ጻፉ፦ ቅጠል፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ቆዳ። የቦታውን ፎቶ አንሱ እንጂ የሰው ፊት አታንሱ። አንዲት እናት በጓሮዋ ቅጠል ስታቃጥል ብታገኟት ከሳሽ አትሁኑ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሦስት ሳምንት ሆነው ልጄ» ካሉ መልሱን አገኛችሁት፣ ነጥቡ የሚቀነሰው ከአነሳሱ ነው፣ ከእሳቸው አይደለም።

የነዋሪውን 10 ነጥብ የምትሰበስቡትም በዚሁ ጉዞ ነው። በየጉብኝቱ አሥር ሰው ጠይቁ። ባለ ሱቅ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ፣ ሊስትሮ፣ ጥበቃ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከአምና ዘንድሮ ጭሱ እንዴት ነው?» ጥበቃዎችን አትለፏቸው። ሌሊቱን ውጭ የሚያድሩት እነሱ ናቸው፣ ምን ሰዓት ላይ ምን እንደሸተታቸው በደንብ ይነግሯችኋል።

7. የአየር መለኪያ ካላችሁ

ከሌላችሁ እዚህ አትቁሙ፣ 20ውን ነጥብ ከአምናው ጉብኝት ጋር እያነጻጸራችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ካላችሁ ግን ጥሩ ነው። አነስተኛ ሴንሰሮች አሁን ጥቂት መቶ ዶላር ነው የሚያወጡት። ካምፓላ ያለው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኤርኮ የሚባል መለኪያ እዚያው ሠርቶ በአፍሪካ ከተሞች እየተከለ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሊልኩላችሁ ከፈለጉ የጉምሩኩን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥንቃቄው ይህ ነው። ከመትከላችሁ በፊት ሁሉንም ሴንሰሮች አንድ ቦታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩ። ልዩነታቸውን ጻፉ። አንዱ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ከፍ የሚል ከሆነ ወረዳውን አትወቅሱ፣ መሣሪያው ነው። ሲተከል ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ይበል፣ ከኩሽና መስኮትና ከጠላ ቤት ምድጃ ይራቅ። እነዚህ መሣሪያዎች ብናኙን በብርሃን ነው የሚያዩት፣ ጉም ወይም ከባድ እርጥበት ሲኖር ቁጥሩን ያጋንናሉ። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ባትሪ ያስፈልጋል። ከወሩ ሰዓታት ከ75 በመቶ በታች የመዘገበን ወር ጨርሶ ጣሉት።

ሲነጻጸር ጥር ከጥር፣ ሰኔ ከሰኔ ይሁን። ክረምትና በጋ አይመሳሰሉም። በዚያ ላይ ጎረቤቱን እዩ። ለምሳሌ የአንድ ወረዳ ፒኤም 2.5 አምና በጥር በሜትር ኩብ 38 ማይክሮ ግራም ከነበረ፣ ዘንድሮ 33 ቢሆን ደስ ይላል። ግን በዙሪያው ያሉትም ሁሉ በአምስት ከወረዱ ያጸዳው ነፋሱ ነው። እሱ በአምስት፣ ሌሎቹ በአንድ ከወረዱ ያኔ የሠራው ሥራ አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ አይለፍ ይላል። ወደዚያ በደረጃ ለመውረድ የተቀመጠው የመጀመሪያው መሸጋገሪያ ግብ 35 ነው፣ ከዚያ 25፣ 15፣ 10። ለሸለማችሁት ወረዳ «አየራችሁ ንጹህ ነው» አትበሉት። «ቀንሳችኋል፣ ገና ግን መንገድ አለ» በሉት። የአስም ልጅ ያላት እናት ያንን ምስክር ወረቀት አይታ መስኮት ልትከፍት ትችላለችና ቃሉ ልክ መሆን አለበት።

8. ነጥቡን አሳዩ፣ ቅሬታ ስሙ

ነሐሴ ላይ ለእያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ነጥብ ከነምክንያቱ ላኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፎቶ። አሥር ቀን ስጧቸው። አንዴ «ይህ አመድ የእኛ አይደለም፣ ድንበሩ ወንዙ ነው» ያለን ወረዳ ነበር። ካርታ ይዘን አብረን ሄድን። እውነታቸውን ነበር፣ ነጥቡን መለስን። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚያምኑን ሆኑ።

9. ምስክር ወረቀቱና ሽልማቱ

«ለላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ምስክር ወረቀት በየቢሮው ግድግዳ ሞልቷል። ማንም አያነበውም። የተሠራውን ሥራ በስሙ ጻፉ፦

«ይህ እውቅና ለወረዳው አስተዳደር የተሰጠው በበጀት ዓመቱ በ14 የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቦታዎች ቃጠሎ እንዲቆም ስላደረገ፣ ይህም ሳይነገረው በተደረጉ 6 ጉብኝቶች ስለተረጋገጠ ነው። እውቅናው የሚጸናው ለአንድ ዓመት ነው።»

አየሩን ሳይሆን ሥራውን ነው የጠቀስነው፣ ጊዜ ገደብም አለው።

ሁለት ዓይነት ወረቀት አዘጋጁ። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ በዋና ሥራ አስፈጻሚው በኩል የሚሰጥ። ሌላው ሥራውን በእጃቸው ለሠሩት፦ ለጽዳት ማህበራቱ፣ ለብሎክ ተጠሪዎቹ፣ ለደንብ አስከባሪዎቹ፣ ስማቸው በሙሉ ተጽፎ። አመራር ይቀየራል፣ እነሱ ይቀራሉ። ልምዱም የሚቀረው እነሱ ዘንድ ነው። መግቢያው ላይ ያነሳሁትን፣ ኅዳር 12 ጭስ ያጣሁበትን ወረዳ ያጣነው ይህ ባለመደረጉ ይመስለኛል፤ ያኔ ማንም ባለማመስገኑ።

መድረክ ላይ መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኞቹን ጥሩ። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት የሥራ ልብሳቸውን አውልቀው ነጠላ ለብሰው መጡ። ስማቸው ከነአባታቸው በማይክ ሲጠራ ለመነሳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው፣ «እኔን ነው?» እያሉ አጠገባቸው ያለችውን ይጠይቁ ነበር። 19 ዓመት ጠርገዋል። ስማቸው በማይክ ሲጠራ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሽልማቱ ዋንጫ ባይሆን እመርጣለሁ። ለሥራው የሚሆን ነገር ስጡ፦ የቆሻሻ ጋሪ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ አቧራ በእውነት የሚያጣራ ማስክ (ጨርቁ ፒኤም 2.5ን አያቆምም)፣ የአትክልት ቅሪት ኮምፖስት የሚሆንበት ሳጥን፣ ወይም ሴንሰር። ገንዘቡን ከእድር፣ ከነጋዴዎች፣ ከግለሰቦች ሰብስቡ። ከምትመዝኑት ወረዳ አትቀበሉ። ሰፈሩ ላይ ከሚያጨስ ፋብሪካም፣ ስንት ቢሰጥ፣ አትቀበሉ።

ላላሸነፉትም አንድ ገጽ ላኩ። ምን ጥሩ እንደሠሩ፣ የትኛው ቦታ እንደሚጨስ፣ ምን ቢያደርጉ ነጥባቸው እንደሚጨምር። አንዳንዱ ወረዳ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ይህችን ገጽ ነው የተጠቀመባት።

10. ከሽልማቱ በኋላ

እውቅና የተሰጠው ወረዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ብዙ ቃጠሎ ከተገኘ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ አንድ ወር ስጡ፣ ካልታረመ እውቅናውን አንሱ። ይህ መጀመሪያ በላካችሁት መስፈርት ላይ የተጻፈ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ጠብ ነው የሚመስለው። እኛ እስካሁን አንድ ጊዜ ነው ያነሳነው። በአደባባይ አላወጅንም፣ ለወረዳው በደብዳቤ ነገርን፣ ከዝርዝራችን አወጣን። በማግስቱ ባለሙያው ደውሎ «የትኛው ቦታ ነው? አሳዩኝ» አለ።

ጳጉሜ 2 ሽልማቱ ካለቀ በኋላ ኅዳር 12 ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው የሚቀረው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለተሸለሙትም ላልተሸለሙትም ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የዋዜማው መኪና ተመድቧል? ካልተመደበ በየትኛው ቢሮ እንደቆመ ጠይቁና ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ኅዳር 12 ደግሞ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሰፈር ውስጥ ሁኑ።